ፍልፈል ይሻላል ወይስ እስስት?

እናንተዬ፣ እንደ ፍልፈል ያለ ጨዋ ሌባ አይታችኋል? ድንቼን ከሥር ይበላል፤ አፈሩን ግን ቆልሎ «እዚህ ነኝ» ይላል። የሚያስፈራውስ እስስት ነው፤ የቆመበትን ቀለም ይለብሳላ!

ጎረቤቴ አያ ታከለ የድንበር ውላችንን ግቢዬ መጥቶ አነበበልኝ፦ «ከኮሶው ዛፍ ወዲህ ያንተ፣ ወዲያ የእኔ።» ያኔ ማንበብ አልችልም ነበርና በአውራ ጣቴ ፈረምሁ። ዘንድሮ ሽማግሌዎችን ግቢው ጠርቶ፣ እዚያው ቆሞ ደገመው። ከእሱ ግቢ ሲነበብ «ወዲህ» የእሱ ጭንጫ፣ «ወዲያ» የእኔ የድንች ማሳ ሆነ!

«ፊደሉ ተለወጠ እንዴ፣ ወንድሜ?» አለኝ።

ፊደል ቆጥሬያለሁና ነጥቄ አነበብሁት፤ አንድም አልተለወጠ። የሽማግሌዎቹ ጉሮሮ ግን በእሱ ጠላ ርሶ ነበርና ፈረዱለት።

እንግዲህ ድንቹ የእሱ ነው። አያ ፍልፈል፣ በርታ!