የሆይት ሌድቤተር የአሳማ ዘመቻ

በእኛ በቴክሳስ ለጠላቱ ቀለብ የሚሰፍር ጀግና ቢፈለግ፣ ሆይት ሌድቤተርን የሚስተካከል አይገኝም። ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ዕቅድ የሚወድ ሰው ነው። አራት የዱር አሳማዎች ወንዙን ተሻግረው የጎረቤቱን የቬርናን የኦቾሎኒ ማሳ መቆፈር ሲጀምሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ ብድግ ብሎ «የአሳማውን ጉዳይ ለእኔ ተዉት» አለ። አጨበጨብንለት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ቬርና ከሁላችንም አብልጣ አጨበጨበች።

ዘመቻው በጥናት ተጀመረ። ሆይት በመሬቱ ዳርቻ ባለሦስት እግር በርሜል ተከለ፤ በርሜሉ አሳማዎቹን እንዲስብ ጧትና ማታ በሰዓቱ በሞተር በቆሎ ይረጫል። ተራ በቆሎ ለጠላት አይመጥንም ብሎ፣ በቢራ ዘፍዝፎ እስኪኮመጥጥ ካቆየው በኋላ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ዱቄት ነሰነሰበት። ዛፍ ላይ ካሜራ ሰቀለ። ከፊት ለፊቱ የሚተኩስበት ማማ ሠርቶ የሚሽከረከር ወንበር አስገባበት። አንዳንዶቻችን ቤታችን እንኳ እንዲህ ያለ ወንበር የለንም።

አሳማዎቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። ሆይት ግን አልተኮሰም። ቬርና ብትጠይቀው፣ መጀመሪያ መልመድ አለባቸው አላት። ከለመዱ በኋላ ደግሞ ትልቁ አውራ ገና አልታየም ነበር። አውራው ሲታይ እንስቶቹ አርግዘው ነበር። ሲወልዱ ደግሞ፣ ጨዋ ሰው አራስ ላይ አይተኩስም። ሐምሌ ሲገባ አሳማዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። የበርሜሉ ሞተር በተበላሸበት ሳምንት ሆይት እንዳይጎዱበት ብሎ በቆሎውን በገዛ እጁ በባልዲ አቀረበላቸው። ፎቶዎቻቸውንም ምግብ ቤት እያመጣ ያሳየን ነበር።

«ይቺ ሉሲል ናት» አለን አንድ ቀን። «ሌሎቹ ሳይጠግቡ አትበላም።»

ጠላትን ማወቅ የድል ግማሽ ነውና በጽሞና ተመለከትናት።

እንግዲህ ለአሳማ በቆሎ ቁርስ ነው፤ ምሳውን ቬርና ጋ ይበላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቬርና ከነሥሩ የተነቀለ ኦቾሎኒ ይዛ ሆይት በር ላይ ቆመች።

«ግማሹ ማሳ ሄደ። መቼ ነው የምትተኩሰው?»

«ዋናው ትዕግሥት ነው፣ ቬርና። እኔ ጋ እየመጡ ነው እኮ።»

«አንተ ጋ የሚመጡት በእኔ ላይ አልፈው ነው።»

ኦቾሎኒውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሆይት አፍሮ ነበር ይባላል፤ ቢያፍርም ግን በቆሎውን አልቀነሰም።

በማግስቱ ቬርና ከወንድሟ የብረት ጉረኖ ተውሳ ማሳዋ ላይ አቆመች፤ አሳማ ሲገባ በሩ ከላይ ይወርዳል። ማማ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ውስጡ አንድ ባልዲ ደረቅ በቆሎ ብቻ። ጧት ብትሄድ አሥራ አንዱ ገብተው አገኘቻቸው።

ሆይት ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በቀጥታ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ነድቶ፣ አሳማዎቹ ያለ ፈቃዱ እንደተወሰዱበት አመለከተ። የሸሪፉ ምክትል ራሚሮ ካንቱ፣ ረጋ ያለ ሰው፣ አብሮት መጣና ጉረኖው አጠገብ ደብተሩን ገለጠ።

«የእርስዎ ናቸው ማለት ነው?»

«ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የወይዘሮ ቬርናን ማሳ ያጠፉት የእርስዎ አሳማዎች ናቸው ብዬ ልጻፍ?»

ሆይት ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። ቬርናን አየ፤ ቬርና ማሳዋን ታያለች። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ተሳስቼ ነው። እነዚህን አሳማዎች በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» አለ።

ድምፁን ሲሰሙ አሥራ አንዱም እየተጋፉ እሱ ወደቆመበት ጎን መጡ፤ አፍንጫቸውን በብረቱ መሃል አሾልከው እጁን ያሸቱ ጀመር።

ራሚሮ እስክሪብቶውን ከደነ።

«እነሱስ አውቀውዎታል» አለ።