የላሟ ፊትና ኋላ

[ስካርቦሮ፣ ባሕሩ ዳር ያለው አሮጌ ቲያትር ቤት። ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ከመጋረጃው ጎን ከሱፍ ጨርቅ የተሰፋች ትልቅ ላም ወደ መድረክ መውጫዋን ትጠብቃለች። ውስጧ ሁለት ሴቶች አሉ። ጭንቅላቷንና የፊት እግሮቿን የያዘችው ፊሊፓ ናት። ዕድሜዋ ስድሳ ስድስት ነው፤ አርባ ሰባቱን ዓመት ተዋናይ ሆና ኖራለች፤ ይህንንም ለመናገር ሰልችቷት አያውቅም። የኋላ እግሮቹና ጅራቱ የዶሪን ናቸው። ዶሪን ጎንበስ ብላ የፊሊፓን ወገብ ይዛለች። ተውኔቱ ለሕፃናት የተዘጋጀ የገና ጨዋታ ስለሆነ አዳራሹ በጫጫታቸው ታውኳል። ሕፃናቱ ድንገት እንዳያዩ የላሟን ልብስ እዚህ ቦታ መክፈት ክልክል ነው።]

ፊሊፓ፦ እየበላሽ ነው!

ዶሪን፦ አልበላሁም።

ፊሊፓ፦ ይሰማኛል እኮ! ቀጭ ቀጭ ይላል።

ዶሪን፦ ላሟ ትሆናለች የምታመነዥከው።

ፊሊፓ፦ ላሟ እኛ ነን፣ ዶሪን!

ዶሪን፦ እንግዲያው ግማሿ እኔ ነኝ። የበላሁትም ግማሹን ነው።

ፊሊፓ፦ ኮምጣጤ የነካው የድንች ቺፕስ! አየር በማይገባበት ሱፍ ውስጥ! ታፍኜ ልሞት ነው።

ዶሪን፦ አንቺማ በላሟ አፍ በኩል ነፋስ ይመጣልሻል። በኔ በኩል የሚታየው ያንቺ ቀሚስ ብቻ ነው።

ፊሊፓ፦ ዛሬ እንኳ ብትተዪኝ ምን ነበረበት? ስልክ እንደምጠብቅ ታውቂያለሽ። ይኸው በላሟ አንገት ውስጥ በክር አንጠልጥዬዋለሁ።

ዶሪን፦ የምን ስልክ?

ፊሊፓ፦ የፊልሙን ነዋ! ሰኞ ዮርክ ድረስ የሄድነው ለሽርሽር መሰለሽ?

ዶሪን፦ ኬኩ ጥሩ ነበር።

ፊሊፓ፦ ኬክ ትለኛለች! ዶሪን፣ ፊልሙ ስለ አንዲት አሮጊት ተዋናይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራ ኖራ ማንም ስሟን አያውቀውም። ዋናዋ ሰው እሷ ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራው ከፊቷ አይነሳም። ይህንን ሥራ ለኔ ካልሰጡ ለማን ሊሰጡ ነው?

ዶሪን፦ ስሟን ማንም ለማያውቃት።

ፊሊፓ፦ እኮ! [የላሟ ጭንቅላት ቀና ይላል] ምን ማለትሽ ነው?

ዶሪን፦ አይ፣ ከተሳካልሽ ደስ ይለኛል ለማለት ነው።

ፊሊፓ፦ ካልተሳካ አልቆልኛል። ለእህቴ ቃል ገብቼላታለሁ። ከጥር ጀምሮ ዊትቢ ሄጄ ከሷ ጋር ሹራብ እሸጣለሁ። እኔ! ሹራብ!

ዶሪን፦ ሹራብ እኮ ይሞቃል።

ፊሊፓ፦ አርባ ሰባት ዓመት የለፋሁት ሊሞቀኝ ነው? ለነገሩ ሰኞ የሠራሁትን ብታዪ አትጠራጠሪም ነበር። ተዋናይ መራጯ ወይዘሮ ብራክስተን "እስቲ ስለ ሕይወትሽ አጫውቺን" አለችኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ድምፄን ከእምብርቴ አወጣሁት፤ መጨረሻ ረድፍ ላለው ሰው እንዲደርስ።

ዶሪን፦ ስንት ሰው ነበር?

ፊሊፓ፦ ሦስት።

ዶሪን፦ መጨረሻው ረድፍ የት ጋ ነበር?

ፊሊፓ፦ ከጠረጴዛው ማዶ።

ዶሪን፦ አልደነገጡም?

ፊሊፓ፦ አንደኛው ውኃውን ደፋ። ይኼ ምን ማለት ነው? ልቡን ነካሁት ማለት ነው። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፣ የተዋናይ ሕይወት እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚሠራ በሥርዓት ላስረዳሽ።

ዶሪን፦ መቀመጥ አልችልም፤ ላሟ ትሰበራለች። ደግሞ አስረድተሽኛል።

ፊሊፓ፦ መቼ?

ዶሪን፦ ትናንት። ከትናንት ወዲያም።

ፊሊፓ፦ የቱን ክፍል?

ዶሪን፦ ሁሉንም።

ፊሊፓ፦ እንግዲያው ይበልጥ ይገባሻል። አንደኛ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሌስተር። እዚያ ቲያትር ቤት በየሳምንቱ አዲስ ሥራ ነው። ጠዋት የሚመጣውን ሳምንት ታጠኚያለሽ፣ ማታ የዚህን ሳምንት ትሠሪያለሽ፤ ቅዳሜ ላይ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋብሻል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ...

ዶሪን፦ ሻይ ይዘሽ ገባሽ።

ፊሊፓ፦ ሻይ ይዞ መግባት ቀላል እንዳይመስልሽ! ሦስት ዓይነት አገባብ አለው። ጌትየው ሀብታም ሲሆን አንድ ነው። ሊከስር ሲል ሌላ ነው፤ ኩባያው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሞቶ ሲገኝ ደግሞ ሌላ።

ዶሪን፦ ከሞተ ሻዩን ማን ይጠጣዋል?

ፊሊፓ፦ ማንም አይጠጣውም! ትሪውን ትለቂዋለሽ! ሦስተኛው አገባብ ያ ነው። እኔ ትሪ ስጥል ሌስተር በሙሉ ይሰማው ነበር። ሁለተኛ፣ ለንደን። በአንድ ተውኔት የንግሥቲቱ ገጸ ባሕርይ ተጠባባቂ ሆንኩ። መሪዋ ተዋናይ ከታመመች እኔ እገባለሁ። አሥራ አራት ወር ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም።

ዶሪን፦ አበባ ላክሽላት።

ፊሊፓ፦ የአበባ ሽታ ያሳምማታል ብለውኝ ነዋ!

ዶሪን፦ አሳመማት?

ፊሊፓ፦ ወደደችው! ደግመሽ ላኪልኝ አለች። ኋላ ግን አንድ ማታ ደረጃ ላይ እግሯ ወለም አለ። በቃ፣ እኔ ገባሁ። ዘውድ ደፍቼ፣ ስድስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ አፌን ስከፍት...

ዶሪን፦ መብራት ድርግም።

ፊሊፓ፦ ድርግም! የከሰል ቆፋሪዎቹ አድማ ነበር፤ ከሰል ከሌለ መብራት የለም። አገሩ ሁሉ በሻማ የሚያመሽበት ክረምት። ዳይሬክተሩ ከጎን "ተመለሺ፣ ተመለሺ" ይለኛል። እኔ ግን አልተመለስኩም። ጨለማው ውስጥ ቀጠልኩ። አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም፣ ዶሪን። አንድም ሰው አላሳለም። ፊቴን ያየ የለም፤ ግን ስድስት መቶ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

[ላሟ አትንቀሳቀስም።]

ዶሪን፦ በማግሥቱ ሴትዮዋ እያነከሰች ተመለሰች።

ፊሊፓ፦ እሱን እኔ ነበርኩ የምናገረው! ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥን። በወንጀል ድራማዎች ዘጠኝ ጊዜ ተገድያለሁ።

ዶሪን፦ አሥር።

ፊሊፓ፦ ዘጠኝ! ሁለቴ በመርዝ፣ አንዴ በቄሱ ኩሬ ውስጥ፣ አንዴ ከደወሉ ማማ ላይ...

ዶሪን፦ ጋጣው ውስጥ በአካፋ የመቱሽን ረሳሽው።

ፊሊፓ፦ ያኔ ተረፍኩ! እስከ ማስታወቂያው ድረስ። ሬሳ መሆን ቀልድ እንዳይመስልሽ። በረዶ ያዘለ ሣር ላይ ስድስት ሰዓት ተጋድሜያለሁ። ዋናው ጥበብ ትንፋሽ ነው፤ ካሜራው ወደ መርማሪው ሲዞር ትስቢያለሽ፣ ወዳንቺ ሲመለስ ሞተሻል። አራተኛ፣ ትልቁ ፊልም...

ዶሪን፦ እጅሽ።

ፊሊፓ፦ አዎ፣ የቀረውን ትዕይንቴን ከፊልሙ ቆርጠው አወጡት። ቢሆንም እጄ በዓለም ሁሉ ታይቷል።

[በላሟ አንገት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ላሟ ትንቀጠቀጣለች፤ ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይወዛወዛል።]

ፊሊፓ፦ እነሱ ናቸው! ያዢኝ! እግሬን ሳይሆን ወገቤን! [ስልኩን ታነሳለች] ሄሎ? ወይዘሮ ብራክስተን! ድምፅዎን ወዲያው ለየሁት። አይ፣ አይናገሩ፤ አውቃለሁ። ልቤ ከሰኞ ጀምሮ ሲነግረኝ ነበር። እቀበላለሁ! ... ገባኝ፣ ገባኝ፣ መጀመሪያ ግን ልናገር፤ እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ቀን ባየች! ... ማን? ... አዎ፣ አለች። ... ከኋላዬ። ... አይ፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ ናት። ... ይቻላል። [ለዶሪን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ] አንቺን ፈለጉ። ስለ ጠባዬ ሊጠይቁሽ ነው። ደህና ደህናውን ብቻ ተናገሪ!

ዶሪን፦ ብዙ ነው ትንሽ?

ፊሊፓ፦ ያዢ ብቻ!

[ስልኩ በላሟ ሆድ ውስጥ ወደ ኋላ ይተላለፋል።]

ዶሪን፦ ሄሎ። ... አዎ። ... አዎ። ... አይ፣ የምበላው ቺፕስ ነው። ... እሺ። ... እሺ። ... ከየካቲት? እሺ። ... ኧረ ምንም አይደል። አንዴ ይጠብቁኝ።

ፊሊፓ፦ ምን አለች? ምን አለች?

ዶሪን፦ ከየካቲት ይጀመራል አለች።

ፊሊፓ፦ ተመስገን! በየካቲት ፊቴ ያምራል፤ ብርዱ ቆዳዬን ይወጥረዋል።

ዶሪን፦ የልብስ ልክ ጠየቀችኝ።

ፊሊፓ፦ ታዲያ ምን ብለሽ ነገርሻት? የኔን ልክ አታውቂውም እኮ!

ዶሪን፦ ያንቺን አልጠየቀችኝም።

ፊሊፓ፦ የማንን ነው ታዲያ?

ዶሪን፦ የኔን። ፊሊፓዬ፣ የመረጡት እኔን መሰለኝ።

[የላሟ ጭንቅላት ቀስ ብሎ ወደ ጅራቷ ለመዞር ይሞክራል። አይደርስም።]

ፊሊፓ፦ አንቺን? ለምኑ? አንቺ እኮ ዓሣ ጠባሽ ነበርሽ! ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደዚህ ላም የገባሽው የድሮው የኋላ ሰውዬ ወገቡን ሲያመው ነው!

ዶሪን፦ እኔም ገርሞኛል። እነሱ ጋ የገባሁት ጃንጥላሽን ላመጣልሽ ነው።

ፊሊፓ፦ የምን ጃንጥላ?

ዶሪን፦ ሰኞ ስትወጪ ረስተሽው ነበር። አንቺ መጸዳጃ ቤት ስትሄጂ ልወስድልሽ ገባሁ። "ማን ነሽ?" አሉኝ። "የላሟ የኋላ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ። "ተቀመጪ፣ ስለ ሕይወትሽ አጫውቺን" አሉኝ።

ፊሊፓ፦ ታዲያ ስለ ዓሣ መጥበስ ነገርሻቸው?

ዶሪን፦ ስለ ዓሣማ ምን ይወራል? ገልብጠሽ ታወጪዋለሽ፣ አለቀ። ሰዎቹ ደግሞ የደከማቸው ይመስላሉ፤ አሳዘኑኝ። ጥሩ ታሪክ ልንገራቸው ብዬ ያንቺን ነገርኳቸው።

ፊሊፓ፦ የኔን!

ዶሪን፦ ከሌስተር እስከ እጅሽ። አንድም ቃል አላበላሸሁም። አንቺ "እኔ፣ እኔ" እያልሽ ስለምትነግሪኝ እኔም እንደዛው "እኔ፣ እኔ" እያልኩ ነገርኳቸው።

ፊሊፓ፦ ሌባ! ሕይወቴን ሰርቀሽ! ያውም ያንኑ ታሪክ እኔ ራሴ ካንቺ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ነግሬያቸው!

ዶሪን፦ ነግረሻቸው ነበር እንዴ?

ፊሊፓ፦ ካንዱ ትሪ እስከ አሥሩ ሞት!

ዶሪን፦ ዘጠኝ ብለሽኝ ነበር።

ፊሊፓ፦ ለዘጠኝም ለአሥርም ግድ የለኝም! ታዲያ አንድ ታሪክ ሁለት ሰው ሲነግራቸው አልገረማቸውም?

ዶሪን፦ ቆይ ልጠይቃት። [በስልኩ በሹክሹክታ ትጠይቃለች] ያንቺውን አላወቁትም። በጣም ስለጮህሽ "ከጦርነት የተረፈች ሴት ታሪክ ነው ብለን ነበር" ነው ያለችኝ።

[ከአዳራሹ የሕፃናት ሳቅ ይሰማል።]

ፊሊፓ፦ ዶሪን።

ዶሪን፦ ወይ።

ፊሊፓ፦ መብራቱ የጠፋበት ጋ ስትደርሺ... ምን አደረጉ?

ዶሪን፦ ውኃውን የደፋው ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ። ወይዘሮ ብራክስተንም ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። እኔም ሁልጊዜ እዚያ ጋ እንባዬ ይመጣል፤ አንቺ ስለማታዪኝ ነው እንጂ።

ፊሊፓ፦ አለቀሱ ማለት ነው። በኔ ታሪክ።

ዶሪን፦ በኔ አፍ፣ ባንቺ ታሪክ።

ፊሊፓ፦ [አፍንጫዋን እየሳበች] ያው እንግዲህ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። መቼም ሹራብም ይሞቃል። እቀበላለሁ በያትና ዝጊው፤ መውጫችን ደርሷል።

ዶሪን፦ ቆይማ። [በስልኩ] ወይዘሮ ብራክስተን፣ አሉ? ይቅርታ፣ የላሟ ፊት እያለቀሰች ነው። እኔ ያለሷ ዮርክ እንኳ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ለሷ የሚሆን ትንሽ ነገር የላችሁም? ... አሃ። ... አሃ። ቁመታችን? እኩል ነው። ጎንበስ ስለምል ነው አጭር የምመስለው። ... ልጠይቃት። ፊሊፓዬ፣ ሥራ አለ።

ፊሊፓ፦ ንግግር አለው?

ዶሪን፦ የለውም።

ፊሊፓ፦ ፊቴ ይታያል?

ዶሪን፦ አይታይም። ካሜራው እኔን ከጀርባ ሲያነሳ በኔ ቦታ የምትቆም ሴት ይፈልጋሉ።

ፊሊፓ፦ ከጀርባ?

ዶሪን፦ ከኋላ፣ አዎ።

ፊሊፓ፦ አርባ ሰባት ዓመት የፊት ሆኜ! ንግሥት ሆኜ! አሁን ያንቺ የኋላ ልሁን?

ዶሪን፦ እሺ፣ ልዝጋው?

ፊሊፓ፦ አትዝጊ! [በለሰለሰ ድምፅ] ስንት ሳምንት ነው?

ዶሪን፦ ስድስት። እሷ እንዳለችው ስምሽም መጨረሻ ላይ ይጻፋል። በትናንሽ ፊደል።

[የላሟ መውጫ ሙዚቃ ይጀምራል። ሕፃናቱ ላሟን እየጠሩ ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ።]

ፊሊፓ፦ እሺ በያት።

ዶሪን፦ እሺ ብላለች፣ ወይዘሮ ብራክስተን። ደህና ይዋሉ። [ስልኩን ትዘጋለች] በይ፣ ግራ እግር።

ፊሊፓ፦ ዶሪን... አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኋላ መሆን እንዴት ነው የሚሠራው?

ዶሪን፦ ቀላል ነው። የፊቷ ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት ስታወራ ዝም ብለሽ ትሰሚያታለሽ። ከዚያ ፊልሙን ላንቺ ይሰጡሻል።

[ላሟ ወደ መድረኩ ትወጣለች።]