የማይካፈለው ዓመት

ቁጥርም እንደ ሰው ጠባይ አለው ስል አትሳቁብኝ። አሥራ ሁለትን የመሰለ ደግ የለም፤ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም ቢሉት ሳያጉረመርም ተካፍሎ ያድራል። ደግሞ አለላችሁ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቋጣሪ። የሂሳብ ሰዎች «ብቸኛ ቁጥር» ይሉታል። ከነዚህ ቋጣሪዎች አንዱ ትዳሬን አድኖልኛል፤ ያውም ሳልለምነው።

በ1957 ወረታ ላይ የሂሳብ መምህር ነበርሁ። ያየሁትን ሁሉ መቁጠር እወድ ነበር፤ አመል ያወጣል ከመሀል። አንድ እሑድ ፎገራ ሜዳ ከአማቴ ደጃፍ ከእንግዶች ጋር ተቀምጠን፣ ከብቶቹ ከግጦሽ ሲመለሱ ጮክ ብዬ ቆጠርኋቸው፦ ሠላሳ ሰባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። በእኛ አገር ከብትና ልጅ አይቆጠርም፤ አይተው «ይባርክ» ብለው ያልፉታል። በሦስተኛው ቀን አንዷ ላም ረግረግ ውስጥ ሰጥማ ሞተች።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ «የአባቴን ላሞች ቆጥሮ ፈጃቸው!» ብላ ንብረታችንን የሚያካፍል ሽማግሌ ሰበሰበች። የሞተችው አንዷ ብቻ ናት እንዳልል፣ እሱም ቆጠራ ሊሆንብኝ ነው። መለያየቱን አልፈለግሁም፤ እወዳት ነበር። ይህን እንዳልናገር ግን ኩራቴ አነቀኝ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የዘመን ስሌቱን፣ ባሕረ ሐሳብን፣ አዋቂው መሪጌታ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ከዘመኑ ጀመሩ። «በዘመናችን ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶው ሲደመር፣ ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ሰባት፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ዘመነ ማቴዎስ።»

አፌ መች ያርፋል። «መሪጌታ፣ ለአራት ብቻ አይደለም፤ ለማንም ቢያካፍሉት ይተርፋል። ሞክሬዋለሁ» አልሁ።

«ለሰባትስ?»

«ሁለት ይተርፋል።»

«ለአሥራ ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ ሰምታችኋል፤ ዓመቱ ራሱ አልካፈልም ብሏል። እኛ ማን ነንና በእሱ ላይ እናካፍላለን? ዘመኑ ሲለወጥ ተመለሱ።» የትኛው ሕግ ላይ ተጽፏል ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔማ ምን ቆርጦኝ።

ጥሩወርቅ እያጉረመረመች ቤታችን ገባች። እኔም ዓመቱን ሙሉ ጣቴን ሰብስቤ ኖርሁ።

መስከረም ጠባ፤ 7458። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለስድስት፣ ለአሥራ አንድ ሳይቀር፣ ለመጣው ሁሉ የሚካፈል ልቅ ቁጥር! ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ፤ መሪጌታ ሲጠይቁኝ መዋሸት አልቻልሁም፤ ሂሳብ ነዋ። «ለሁለት እኩል ይካፈላል» አልሁ። ያኔ ጥሩወርቅ «ላማችን አርግዛለች፤ እስክትወልድ ይቆይ» አለች። ስትወልድ «ጥጃው ይጥና» አለች። ጥጃው ሲጠና ክረምቱ ገባና ፎገራ ውሃ ተኛበት፤ ሽማግሌ በታንኳ ይምጣ እንዴ?

በጳጉሜ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «የመጪው ዓመት ቁጥርስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ወረቀት ይዤ እስከ ሰማንያ ሦስት ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሞከርሁት፤ ከዚያ ወዲያ አያስፈልግም። 7459፣ ወይ ፍንክች!

«አይካፈልም» አልኋት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያ ምን ይደረጋል» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

በዓመቱ 7460 መጣ። ይህ ለሁለት መካፈሉን ለማወቅ መምህር አያሻም፤ ተማሪ ቤት ያልረገጠም ያውቀዋል። የጠየቀኝ ግን የለም።