የሚስተር ቨርሊን ደረሰኝ

እኛ ሚሺጋን ውስጥ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ የሚያስብ ሰው ሁሉ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው በየዓመቱ ክፍያ የሚጨምረው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው «እኔ በአንድ በጋ ሥራ ነው የከፈልኩት» የሚለው ዘመድ ነው። የመጀመሪያውን ቢያንስ እራት አትጋብዘውም።

የእኛ ቤት ዘመድ ክቡር ሚስተር ቨርሊን ሁክስትራ፣ የባለቤቴ አባት፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተለበጠ ደረሰኝ አለ። በ1971 ቼሪ የሚባለውን ቀይ ፍሬ የሚያሽግ ፋብሪካ ሠርተው ለግማሽ ዓመት ትምህርት የከፈሉበት ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ዶላር። ቤተ ክርስቲያን አሳይተውታል፣ ፀጉር ቤት አሳይተውታል። ጥርሳቸውን ሲሞሉላቸው እንኳ መናገር ስላልቻሉ ለሐኪሙ በእጃቸው ዘርግተውለታል።

«አንድ በጋ!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «የዛሬ ልጅ ስልኩን ቢያስቀምጥ እኮ አንድ በጋ ይበቃዋል!»

ዘንድሮ ልጄ ዴልያ እሳቸው የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያጠራቀምነው፣ ያገኘችው ድጋፍና የእሷ የበጋ ደመወዝ ተደምሮ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ጎደለ። ባንክ ያበድራል፤ ግን ዋስ ይፈልጋል። የእኔና የባለቤቴ ስም ባንክ ቤት የተበላሸው የምሠራበት ድርጅት የተዘጋ ጊዜ ነው። የቀሩን አንድ ሰው ሚስተር ቨርሊን ነበሩ። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካልከፈልን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። እራት ጋብዘን ጠየቅናቸው።

«ዋስ አልሆንም» አሉ የተፈጨ ድንች እየጨለፉ። «ብድር የሰነፍ ነው። ቼሪ ፋብሪካ ትግባ።»

«አባዬ፣ ከግንቦት ጀምሮ ሁለት ቦታ ነው የምትሠራው» አለች ባለቤቴ።

«እንግዲያው ሦስተኛ ትጨምር!»

ዴልያ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። እኔ ደሜ ፈላ። ወጥቼ ንጹሕ መኪናዬን እንደገና አጠብኩ፤ አልበረደልኝም። ተመልሼ ገባሁና «እንደዚያ ቀላል ከሆነ እርስዎ ይሞክሩታ!» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ተቀጠሩ። ፋብሪካው ሰው ስላጣ ቆሞ መዋል የሚችለውን ሁሉ ይቀበላል። በቀን አሥር ሰዓት ማሽኑ ፊት ቆመው የተበላሸውን ቼሪ ከደህናው ይለቅማሉ። የመጀመሪያው ሳምንት «እጄ አልረሳም!» እያሉ ጎረቤቱን አደነቆሩት። በሁለተኛው ፉከራው ቀነሰ። በሦስተኛው መኪናቸውን ደጃችን አቁመው እዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዴልያ ጫማቸውን አወለቀችላቸው፤ እግራቸው አብጦ ነበር።

«አባባ፣ ይብቃዎት» አለቻቸው።

«ገና ነው።»

አልዋሽም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቼሪው ወቅት በአምስተኛው ሳምንት አለቀ። ክፍያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ከረባታቸውን አሥረው፣ እኔንና ዴልያን ጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። የክፍያው መስኮት ጋ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ከማን ጋር እንደምትነጋገር እንድታውቅ ብለው መጀመሪያ ያንን ደረሰኝ ዘረጉላት።

አገላብጣ አየችው። «የመኪና ማቆሚያ ክፍያ በሚቀጥለው መስኮት ነው፣ ጌታዬ» አለች በትሕትና። «ግን ዘንድሮ ጨምሯል፤ ይሄ አይበቃም።»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነበር። ሳቄ ግን አልመጣም።

«ይሄ የግማሽ ዓመት ትምህርቴ ነው» አሉ ሚስተር ቨርሊን ቀስ ብለው። ከዚያ የአምስት ሳምንቱን ደመወዝ አስቀመጡ። «ይሄስ ስንት ይሸፍናል?»

ኮምፒውተሯን አየች። «ሁለት ኮርስ።»

«ከስንት?»

«በዓመት ከምትወስዳቸው ስምንት።»

ፊታቸው ቀላ። «አምስት ሳምንት ቆሜያለሁ!» ብለው ሲጮኹ የተሰለፈው ወላጅ ሁሉ ዞረ። «ያው ሕንፃ ነው! ያው ወንበር ነው! ምን ጨመራችሁበት? ወርቅ ቀባችሁት?»

«ይንገሯቸው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከኋላችንም አንዲት እናት አጨበጨበች።

«እኔም ተማሪ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ የምሠራው የራሴን ለመክፈል ነው።»

ሚስተር ቨርሊን ጣታቸው በአየር ላይ ቀረ። «በአንድ በጋ?»

«አራተኛዬ ነው። አልጨረስኩም።»

ጣታቸውን አወረዱ። ዞረው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ከግንቦት ጀምሮ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የታጠፈውን የዋስትና ወረቀት ሰጠኋቸው። ቼሪ ባቀላው ጣታቸው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ብዕሩን ተጭነው ፈረሙ፤ ያስቀመጡትን ደመወዝም አላነሡም።

«ሰነፍ አይደለሽም» አሏት ዴልያን። ይቅርታ ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤት አንዱ ሽማግሌ «በእኛ ጊዜ...» ብሎ ሲጀምር ሚስተር ቨርሊን ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ ከወንበሩ ተነሡ። «ሂድና ቼሪ ልቀም! ከዚያ ታወራለህ!»

እሁድ እሁድ ዴልያ ትደውላለች። አንድ ጠዋት እንቅልፍ አሸንፏት ከክፍል መቅረቷን ስትነግራቸው ሰማሁ።

«ዴልያ፣ አንዷ ክፍለ ጊዜ ስንት ሰዓት መቆም እንደሆነች እኔ አውቃለሁ» አሏት። «ሁለተኛ እንዳትቀሪ።»

ለመጪው ሐምሌ ፋብሪካው ከወዲሁ ተመዝግበዋል። ተው ብንላቸው እንደማይሰሙ ስለማውቅ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ገዝቼ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። የዋጋውን ወረቀት ግን ቀድጄ ጣልኩት፤ በ1971 ጫማ ስንት እንደነበር መስማት አልፈልግም።