የተቆራረጠው ዘንዶ

ነገር ሁሉ የተበላሸው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ፍርድ የሰጠኝ የለም።

በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አለኝ። ቤይሩት ጫፍ፣ ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር ደግሞ የአንድ ሕንፃ ናጡር ነኝ። ናጡር ማለት ጠዋት ደረጃ የሚያጥብ፣ ከሰዓት ውኃ ወደ ጣሪያ የሚገፋ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሲቀረቀር በሩ ጋ ቆሞ "አይዞህ" የሚል ሰው ነው። ዲግሪው ለአይዞህ ይጠቅማል።

ከክፍሌ ጎን ሰብለና እትዬ ተዋበች ተከራይተው ይኖራሉ። ሁለቱም በሰዓት እየተቀጠሩ የሰው ቤት ያጸዳሉ። ለሰብለ አንዲት አሠሪ ማዳሟ፣ ልጇ ፈረንሳይ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ኮምፒውተር ሰጠቻት። ፊልም ታይበታለች ስንል ዘንዶ ማደን ጀመረች። ያኒ፣ ማለቴ ጌም ነው። ጎራዴ የያዘ ሰው ሆናችሁ፣ ተራራ የሚያክል ዘንዶ ትገጥማላችሁ። ይህንንም እሑድ እሑድ በቀጥታ ታሰራጫለች።

ማን ያየዋል አትሉም? በየፎቁ፣ እሑድ እንኳ በር የማይከፈትላቸው እህቶቻችን ናቸዋ! አንዷ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ አንዷ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው። "በግራሽ ነው! በግራሽ!" ብለው ይጽፉላታል። ለዘንዶው የአንዲት ማዳም ስም አውጥተውለታል። የማንኛዋ እንደሆነ እኔ አልናገርም፤ ሥራዬን እፈልገዋለሁ።

ስድስት እሑድ ተዋጉት። አልሞት አለ። በሰባተኛው፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። ዘንዶው ክንፉን ያነሣል፣ ይደርቃል። ከዚያ ክንፍ የለም። ጎራዴው አለ፣ የያዘው እጅ የለም። ተመልካቾቹ አበዱ። "ገደልሽው ወይስ ገደለሽ?" አለች አንዷ። "አውቃ ነው፣ በሰው እየተጫወተች ነው" አለች ሌላዋ። ሦስተኛዋማ፣ ዛሬ ሲሞት ካላየነው ኸላስ፣ ሁለተኛ አንመለስም ብላ ጻፈች። ሰብለ ግድግዳዬን ደበደበች። "ኢንጂነሩ! ድረስልኝ! ሴቶቹ ሊሄዱብኝ ነው!"

ስደርስ እትዬ ተዋበች ምርመራውን ጀምረዋል። ፍሪጁን ነቅለዋል። የኢንተርኔቱን ሳጥን ከመስኮት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት ያመላልሳሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ኢንተርኔቱ ምን አደረገ?

ለእትዬ ተዋበች ወንበር አቀበልኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። ነገሩ ቀላል ነው። ስዕሉን የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ማዳም ያሏት ሠራተኛ ማለት ነው። አንደኛዋ ማዳም ጌሙ ነው፦ ጥላውን ሳይ፣ እሳቱን አንድጂ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ አብሪልኝ እያለ ያዛል። ሁለተኛዋ ማሰራጫው ፕሮግራም ነው። እሷም ምስሉን እንድትልክ መጀመሪያ ያው ካርድ እንዲሠራላት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ካላቆመች ሁለተኛዋ መቼ ተራ ታገኛለች? ስለዚህ ጌሙን በሴኮንድ ከስልሳ ምስል በላይ እንዳይሥል ገደብኩት። ጥላውን ቀነስኩ። የሚሰራጨውን ምስል አነስ አደረግኩ። ማሰራጫውን ዘግቼ፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ መልሼ ከፈትኩትና ቅድሚያ ሰጠሁት። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫንኩ።

በዚያችው ቅጽበት፣ እትዬ ተዋበች ከሻንጣቸው ያወጡትን፣ የዚህ አገር ሰው ለዓይን መከላከያ የሚያንጠለጥለውን ሰማያዊ ዶቃ ኮምፒውተሩ ላይ ሰቀሉ። እንዴት እትዬ፣ ማዕተብ ያሰሩ ሰው አይደሉም ወይ ብላቸው፣ "የዚህ አገር ዓይን የሚሰማው የአገሩን ነው" አሉኝ።

ምስሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ዘንዶው ወደቀ። ከየፎቁ እልልታ ሆነ፤ በጽሑፍ፣ ድምፅ ማሰማት አይቻልማ። ሰብለ እያለቀሰች፣ "እትዬ ተዋበች፣ እጅዎ ይባረክ!" አለች። እኔስ? አልኩ። "አንተም ወንበር ስላቀበልክ መርሲ" አለችኝ።

ወንበር!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ሳምንት ታገሥኩ። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም እያዩ ቆምኩና፣ እህቶቼ፣ ዶቃው እንደተሰቀለ ነው፤ አሁን የገደብኩትን ብቻ ልፈታው ነው፣ ተመልከቱ አልኩ። ፈታሁት። አዲሱ ዘንዶ እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ ተበለተ። አያችሁ? አልኩ በኩራት። አዎ፣ አዩ። "ሰውዬው ሲነካው ነው" ብላ ጻፈች አንዷ። "ዶቃውን አልፎ!" አለች ሌላዋ። እትዬ ተዋበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "እኔስ የእጅ ባለሙያ ነገር ድሮም አልወድም" አሉ።

ገባችሁ? ቡዳ አደረጉኝ። አያቶቻችን ማረሻ የሚቀጠቅጥላቸውን ሰው ቡዳ እያሉ፣ በማረሻው ያርሱ ነበር። ይህ ነገር ባሕር አይሻገርም ብዬ የማምን የዋህ ነበርኩ። ከእኛ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ መጥቷል። ዛሬ እኔ በደጃፋቸው ሳልፍ ሰብለ ኮምፒውተሩን በፎጣ ትሸፍናለች፣ እንደ ምግብ። ያን ዕለት መልሼ ያስተካከልኩትን ግን አልነካችውም። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምታሰራጨው።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ። ሐዝሚዬ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ልጅ ነች፤ እሷም በመኪና እሽቅድምድም ጌም ላይቭ ትገባለች። ዝናዬን ሰምታለች። "ጋሼ፣ ዶራ ሰፈር ያለችው ልጅ ተመልካቾቼን እየወሰደችብኝ ነው። እባክዎ፣ የእሷን ላይቭ አምስት ደቂቃ ብቻ ይዩልኝ" አለችኝ። ተቆጣሁ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ሁለቱ ማዳሞች፣ ስለ ስልሳው ምስል በትዕግሥት አስረዳኋት። አዳመጠችኝና፣ "እሺ ጋሼ፣ ካርዷንም ይዩልኝ" አለች።

ዘጋሁባት። ደረጃ አጠብኩ። ውኃ ገፋሁ። ከዚያ፣ የተማረ ሰው ነኝና፣ ለሙከራ ያህል ብቻ ከፈትኩት። የዶራዋ ልጅ መኪና ሽው እያለ ይበራል። አንድ ደቂቃ አየሁ፣ ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ጎማው ጠፋ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሞተሩ ድምፅ ጠርቶ ይሰማኛል። ገለጥኩ፤ መኪናው አየር ላይ ቀጥ ብሏል። ደግሜ ጨፈንኩ። ደግሜ ገለጥኩ።

ያላ፣ ከእናንተ መካከል የተማረ ሰው ካለ ሳያሾፍ ይመልስልኝ፦ ካርዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?