እማሆይ ያዩት ትል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። መድኃኒቱን ስለደበቀ ሰው ግን አንድም ተረት ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ተረተኛው ዘመዱ ሆኖበት ይሆናል። እኛ ዘንድ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ መድኃኒት አዋቂ የሌለው መንደር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ የቅጠሉን ስም ጠርቶ የሚነግራችሁ አዋቂ ካገኛችሁ ደግሞ እኔንም ጥሩኝ። ስሙ ከተነገረ ኃይሉ ይርቃል ይላሉ። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የእኔ መድኃኒት ስሙም መጠኑም ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በዚህ ነገር ስስቅ ኖሬያለሁ።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሺ ደወለችልኝ። የሺ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች፣ በላቧ አሥራ አንድ በግ ገዝታ አባቷ ግቢ ማርባት የጀመረች ልጅ ናት።

«በጎቼ አገጫቸው ሥር ውኃ ቋጥሯል» አለችኝ።

ሄድኩ። የዓይናቸውን ሽፋን ገልበጥ ባደርገው ወረቀት መስሏል፤ ደም የሚባል የላቸውም። የሆድ ትል ነው ብዬ ክኒን ሰጠሁ፤ ደረቴንም ነፍቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ ስመጣ ሁለቱ ሞተዋል፣ የቀሩት ቆመው መሄድ አቅቷቸዋል። ክኒኑ አርጅቶ ይሁን ትሉ ለምዶት፣ እንጃ። የሺ የአንዷን በግ ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት የሞተውን በግ ከፈትኩት። ጨጓራው ውስጥ፣ ቀይና ነጭ ክር አንድ ላይ ተገምዶ የተቆራረጠ የሚመስል ትል ይርመሰመሳል። እሱን እያየሁ ሳለሁ የየሺ አክስት እማሆይ ድንቅነሽ ቅል ታቅፈው መጡ። ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ከቅሉ አረንጓዴ ጭማቂ በጣሳ እየለኩ በጎቹን ይግቷቸው ጀመር።

«እማሆይ፣ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነው።»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

«አንተ መርፌህን ያዝ ልጄ። እኔ ስም አልጠራም።»

እሺ፣ ጥቂት ይስጡኝና ከትሎቹ ጋር ከተማ ወስጄ ልየው ብል፣ መድኃኒታቸው ከዓይናቸው እንዲርቅ አልፈቀዱም። «የሚሄድ ከሆነ አብሬው እሄዳለሁ» አሉ። እናም የሺም ተከትላን ሦስታችን በባጃጅ ወደ ደብረ ታቦር ሆነ፦ ትሉ በሞቀ የጨው ውኃ በብልቃጥ፣ ቅሉ በእማሆይ ክንድ።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ትሎቹን በሁለት ትናንሽ ሳህኖች ከፈልኳቸው። አንዱ ላይ የጨው ውኃ ብቻ፣ ሌላው ላይ የእማሆይን ጭማቂ ጨመርኩ። በማይክሮስኮፑ አጎንብሼ ሳይ፣ የመጀመሪያዎቹ እንደ ልባቸው ይዋኛሉ። ሁለተኛዎቹ ቆይተው ዘገዩ። ተጠቀለሉ። ጸጥ አሉ።

እስክሪብቶ በእጄ ነበር፤ መጻፉን ረሳሁት። እስቲ አስቡት፤ ተክል ጠላት ሲመጣበት አይሸሽ፣ አይነክስ፣ አይጮህ። በቆመበት አፈርና ፀሐይ እየበላ፣ የሚበላውን የሚመልስበትን ምሬት በቅጠሉ ሲያጠራቅም ይኖራል። ያ ምሬት ነው እንግዲህ በአንድ በግ ጨጓራ ውስጥ ጦር ሆኖ የሚዘምተው። ማን አስተማረው?

ሌላ ትል ላይ ጭማቂውን ጠብ አድርጌ እማሆይን ጠርቼ አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ። ኮርተው ቀና ይላሉ ስል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቀና አሉ።

«ነፍስ አለው እንዴ?»

«ትሉ? አዎ፣ ሕይወት አለው።»

«ሲሰቃይ አየሁት እኮ! እኔ በሽታ የማወጣ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ነፍስ ሳጠፋ ኖሬያለሁ!»

የሺ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅኩም። በሥራዬ የጨረስኩት ትል ቁጥር የለውም፤ አንዱንም እንደ እሳቸው አይቼው አላውቅም።

ከቀሩት ዘጠኝ በጎች ስምንቱ ተነሱ። አንዷ አልቻለችም። በሳህን ላይ የሞተ ትልና በሆድ ውስጥ ያለ ትል አንድ አይደሉምና፣ ያዳናቸው ቅጠሉ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። የሺ ግን ትምላለች።

ከወር በኋላ በጎቹን ላይ ብሄድ የእማሆይ ደጅ በሴቶች ተሞልቷል። እማሆይ መካከል ላይ ቆመው ቅጠል ዘርግተው ያስተምራሉ፤ «ይህን ያህል ብቻ! ከዚህ ካለፈ በጉን ራሱን ይገድለዋል» ይላሉ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ግራዋ! የጠላ ጋን የምናጥብበት፣ የእኔው አጥር ላይ ተንዘርፍፎ የበቀለው ግራዋ፣ ከሌላ ሥር ጥቂት ተጨምሮበት። ባለሙያው እኔ ሽታውን እንኳ አልለየሁትም።

«እማሆይ፣ ምነው ዛሬ ስም ጠሩ?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ትሉን እንዳየሁት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ለትሉ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ‹ቅጠሉን ደብቀሽ ለኖርሽበት ግን ስግደት አይበቃም፤ ለመንደሩ ሁሉ አስተምሪ፤ ትልቁ ኃጢአትሽ እሱ ነው› አሉኝ።»

እኔ ስም ብለምን «መርፌህን ያዝ» ብለው የመለሱኝን፣ አንድ ቄስ በአንድ ኑዛዜ! ሃይማኖት ከሳይንስ ጋር ይጣላል የሚሉ ሰዎች መጥተው ባዩ ብዬ ስደነቅ፣ የሺ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ በዓይኗ ወደ ፊት አመለከተችኝ። ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ተቀምጠው፣ መጠኑ እንዳይስታቸው ቅጠሉን በእፍኛቸው ደጋግመው የሚለኩት የነፍስ አባታቸው ባለቤት ነበሩ። በጎቻቸው ከኋላቸው፣ አገጫቸው ሥር ውኃ ቋጥረው አጥሩ ላይ ታስረዋል።