ጋሼ ጥላና የምዕራፍ ዘጠኝ ጣሪያ

የወንጀል ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከዕጣው አያመልጥም፤ አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ይገጥመዋል። አንዳንዱ ፀጉር ቤት ያገኘዋል፣ አንዳንዱ ታክሲ ሲጠብቅ። "ምን ትሠራለህ?" ይባላል። "እጽፋለሁ።" "ምን?" "የወንጀል ልቦለድ።" አለቀ። ከዚያ ወዲያ መላቀቅ የለም። እኔ ደግሞ ብሶብኝ የሰውየውን ልጅ አገባሁ።

ክቡርነታቸው አማቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ሲከታተሉ ኖረዋል። ወንጀለኛ ሲይዙ አላልኩም፤ የሚይዙት ሌሎች ናቸው። የእሳቸው ሥራ ተራ ልብስ ለብሶ ከኋላ መሄድ፣ መኪና ውስጥ መቀመጥና አንዱን ጋዜጣ ደጋግሞ ማንበብ ነበር። ሰፈሩ በሌሉበት "ጋሼ ጥላ" ይላቸዋል። የማያውቁ መስሎት ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ የት ቆሞ እንዳወጣው ሳይቀር ያውቃሉ።

ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ ሥራው አልወጣም። ሻይ ቤት ሲገቡ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው በሩን ያያሉ። ሻዩ ሳይቀርብ ሂሳብ ይከፍላሉ። "ሰውዬህ ብድግ ሲል አንተ መልስ ልትጠብቅ ነው?" ይላሉ። ሰውዬ የሚባል ከሌላቸው ዓመታት አልፈዋል። በሠርጌ ቀን እንኳ የሙሽሮቹን መኪና ተከትለው ሲመጡ፣ በመሀል ሁለት የማያውቋቸውን መኪኖች አስገብተው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የጫማው ነገር ነው። ጋሼ ጥላ የሰው ፊት አያዩም። "ፊቱን ካየኸው ፊትህን ያይሃል። ኮት ያወልቃል፣ ባርኔጣ ይቀይራል፤ መንገድ ላይ ጫማ የሚቀይር ግን የለም። ጫማውን ያዝ!" ስለዚህ ጎረቤቱን ሁሉ የሚያውቁት ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ባለቤታቸው አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርገው ከገበያ ቢመለሱ፣ ገና ከደጃፉ "ማንን ፈልገው ነው?" ተባሉ።

የእኔ መከራ የጀመረው የልቦለዴን ዘጠነኛ ምዕራፍ ያነበቡ ዕለት ነው። መርማሪዬ እዚያ ላይ ሌባውን ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ያሳድደዋል።

"ይሄ ማነው?" አሉ።

"መርማሪው ነዋ፣ ጋሼ።"

"ድመት ነው እንዴ?"

"ሊያመልጠው ነው እኮ።"

"ያምልጠዋ! ቤቱን እናውቀው የለ? ሲርበው ይመጣል።"

ከዚያ ብዕር አወጡ። ጣሪያው ተሰረዘ። ሽጉጡ ተሰረዘ፤ ሲቀመጡ ጎን ይወጋል። ጥቁር መነጽሩ ተሰረዘ፤ "ፖሊስ ነኝ ብሎ ቢጮህ አይሻለውም?" በምትካቸው መቀመጥ ገባ። የደነዘዘ እግር፣ ሽንት ቢመጣ ተብሎ የሚያዝ ባዶ ጠርሙስ፣ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት የሚል የባልደረባ ጭቅጭቅ። ሁሉም እውነት ነበር። እኔም ከጋዜጣ የመጣሁ ሰው ነኝና እውነት ሲሉኝ እጅ እሰጣለሁ። እንዳሉኝ ጽፌ ላክሁት።

አሳታሚዬ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መጽሐፉ በወሩ ውስጥ ማተሚያ ቤት ካልገባ ወረፋው ለሌላ ይሰጣል። ለዚህ መጽሐፍ ብዬ የጋዜጣ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ቢሮው ስሄድ ጸሐፊዋ "አሁን ወጡ" ትለኛለች፤ ሲያስል ግን ከውስጥ ይሰማል። ጋሼ ጥላ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"ይሸሽሃል ማለት ነው።"

"ይመስላል።"

"ጥሩ። ነገ እንከተለዋለን።"

"ጋሼ፣ አሳታሚ እኮ ነው።"

"አሳታሚ እግር የለውም?"

በማግስቱ ከቢሮው ፊት ለፊት በአሮጌ መኪናዬ ተቀመጥን። መስኮት መክፈት ተከለከልኩ። በምሳ ሰዓት አሳታሚው ወጣ፤ ቡናማ ጫማ፣ የግራ ተረከዙ የተበላ። "ያዝኩት" አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው የጎረምሳ ሆነ። በእግር ተከተልነው። ጥጉን ዞረና አንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ ገባ። ከመንገዱ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ጋሼ ጋዜጣቸውን ዘረጉ። በሱቁ መስታወት ታች ቡናማው ጫማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመሀል አንድ ሰው በነጠላ ጫማ ወጥቶ ሄደ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ጫማውን ያዝ ተብያለሁ።

"ትዕግሥቱ ይገርማል" አሉ ጋሼ ቆይተው፣ በአድናቆት። "ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ሥልጠና ሳይኖረው አይቀርም።"

"አትስጉ፣ አይሰረቅም" አለ ከኋላችን አንድ ድምፅ።

አሳታሚው ነበር። ከጫማ ጠጋኙ የተዋሰውን ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ የገዛውን ዳቦ ይዞ። ተረከዙ እስኪሠራለት ጫማውን ጠጋኙ ጋ ትቶት ነው የወጣው።

ጋሼ ጥላ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ጋዜጣቸውን በጥንቃቄ አጠፉና "ውሃ ልግዛ" ብለው ሄዱ።

"ስልክ ለምን አታነሳም?" አልኩት።

"ምን ብዬ ላንሳው?" አጠገቤ ተቀመጠ። "ምዕራፍ ዘጠኝን በጀመርኩት ቁጥር እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰውየው ተቀምጧል። ገጽ እገልጣለሁ፤ ተቀምጧል። ደሞ ጠርሙስ! አንተ፣ ያ ጣሪያ የት ገባ?"

"እውነት አይደለም ተባልኩ።"

"ማን አለህ?"

በአገጬ ወደ ውሃ ሻጩ ጠቆምኩት። ጋሼ ውሃውን ይዘው፣ ሳይጠጡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል።

አሳታሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስከ ዓርብ ጣሪያውን መልስልኝ። ካልሆነ ወረፋህ አለፈ።"

መለስኩ። አንድ ፎቅም ጨመርኩበት። ለጋሼ መንገር ግን አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ክትትል አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሻይ ቤት ውስጥ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጡ ጀመር። ባለቤቴ "አባዬን ምን አድርገህብኝ ነው?" አለችኝ። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ራሴ ወሰድኩላቸው፤ ተቀበሉኝና ክፍላቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከጎረቤታቸው ከጡረተኛው መምህር ጋር ደጅ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ነው።

"ይሄ መርማሪ እኔ ነኝ" ይላሉ።

"ከጣሪያ ጣሪያ የዘለሉት እርስዎ ነዎት?"

"ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበራ።"

"አራተኛ ፎቅ እኮ ነው የሚለው!"

"አምስተኛ ነበር። ሰው አያምንም ብሎ ቀንሶ ጻፈው።"

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ጥላ የመጽሐፉን ሽፋን በእጅጌያቸው መጥረግ ያዙ፤ አቧራ የለበትም።

"እውነት ነው?" አሉኝ መምህሩ።

በጋዜጣ ዘመኔ ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠልኝን ወሬ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ወንበር ስቤ ከአማቴ ጎን ተቀመጥኩና ሁለተኛው ምንጭ ሆንኩ።